የሰንበራ እማኝ ቀንድ

ቀንዱ በተሰረቀበት ማለዳ በሰንበራ መናገሻ በአክራሞን ዶሮ አልጮኸም። አውራ ዶሮዎች በየአጥሩ ላይ ወጥተው፣ አንገታቸውን አስግገው አፋቸውን ከፈቱ፤ ከጉሮሯቸው ግን ድምፅ አልወጣም። ውሾችም በየደጁ ተሯሯጡ እንጂ አንዳቸውም አልጮኹ። ይህን ያዩ ሽማግሌዎች «አገር አፉ ተለጎመ» አሉ። ሰው ሁሉ ወደ አእላፍ ሜዳ ሮጠ። በሜዳው መካከል ከጥቁር ድንጋይ የተጠረበው የቀንዱ መንበር ባዶውን ቆሞ ነበር።

ያ ቀንድ ዓለም ገና ጭቃ ሳለች ይኖር ከነበረው ከታላቁ ጎሽ ከዘራም ራስ የተወሰደ ነው ይባላል። እጁን ያሳረፈበት ሰው የሚናገረውን ሁሉ ይይዛል፤ ሲነፋም የያዘውን በተናጋሪው በራሱ ድምፅ መልሶ ያሰማል። ሌላ ስፍራ ቢነፉት በሹክሹክታ ነው፣ የያዘውም ከውስጡ አይጎድልም፤ በአእላፍ ሜዳ ሲነፋ ግን አገር ምድሩ ይሰማዋል፣ ቀንዱም ባዶ ይሆናል። ከጆንያ እንደሚወጣ እህል ኋላ የገባውን ያስቀድማል፣ ፊት የገባውን ያስከትላል እንጂ አንዲት ቃል አያስቀርም። የቀደሙት ነገሥታት ይህን ስለሚያውቁ ፈሩት። በግንብ ውስጥ ዘግተውበት «ለሕዝብ የሚበጀውን እኛና ዳኞቻችን እናውቃለን» እያሉ ትውልድ በትውልድ ላይ ገዙ። ገበሬ ስለ እርሻው፣ ዓሣ አጥማጅ ስለ ወንዙ ምን እንደሚያስብ የጠየቀው አልነበረም።

አርማሴ የመጣው በዚህ ላይ ነው። የድንጋይ ጠራቢ ልጅ ነበር፤ ሠራዊቱን አሰልፎ አክራሞንን በያዘ ጊዜ ወደ ቤተ መንግሥት ከመግባቱ በፊት መዶሻ አንስቶ የግንቡን በር በገዛ እጁ ሰበረ። ቀንዱንም ከፍ አድርጎ ይዞ «ከዛሬ ጀምሮ እናንተ ትናገራላችሁ፤ እኔ እሰማለሁ» አለ። ሕዝቡ አነገሠው። ዳኞቹ ወደ ደጋው ተራራ ሸሹ።

ሰለምያ የቀንዱ ተሸካሚ ሆና የተመረጠችው ያኔ ነው። በዘንጋት ወንዝ ዳር ያለች የግምባራ መንደር ልጅ ናት፤ እግሯ ፈጣን፣ ቃሏ ቁጥብ። ሥራዋ ቀንዱን ከመንደር ወደ መንደር እያዞረች በድንኳን ውስጥ ማኖር ነበር። ሰው አንድ በአንድ ይገባል፣ እጁን ያሳርፋል፣ የልቡን ይናገራል። እሷ ራቅ ብላ በውጭ ትቆማለች፤ ማን ምን እንዳለ አትሰማም። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ግዳጅ ሥራ ነበር። አባቷ በርሄል ከድንኳኑ ሲወጣ እንባው በጢሙ ላይ ይወርድ ነበር። «ልጄ፣ ፀጉሬ እስኪሸብት ድረስ ምን ትላለህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም» አላት። ቀንዱ በተነፋ ጊዜ አገሩ ሁሉ ግዳጁን ተጠይፎ ተሰማ፤ ንጉሡም በዚያው ቀን ሻረው። ሰለምያ ከዚያ በኋላ ለአርማሴ ሙቺ ብትባል ቀኑን ብቻ የምትጠይቅ ሆነች።

ሁለተኛው ጥያቄ የመጣው ዝናብ በቀረበት ዓመት ነው። ዘንጋት ሲጎድል ንጉሡ «በወንዙ ደሴቶች ላይ የሚኖሩት የሸምበቆ ሰዎች ይቆዩ ወይስ ይሂዱ?» ብሎ ጠየቀ። ሰለምያ ቀንዱን ከገዛ መንደሯ ከግምባራ ጀምራ አገሩን አዳረሰች፤ መልሳም ለንጉሡ አስረከበች። ሊነፋ በታሰበበት ማለዳ ነው እንግዲህ ዶሮ ያልጮኸው።

አርማሴ በባዶው መንበር አጠገብ ቆመ። ፊቱ ሐዘንተኛ ነበር።

«ወገኖቼ፣ ድምፃችሁን ሰረቋችሁ» አለ። «እናንተ እንዳትናገሩ ዘመናቸውን ሁሉ የደከሙት የደጋ ዳኞች ሰረቋችሁ። ነገር ግን እኔ የእናንተ ልጅ ነኝ፤ ሳትናገሩም እሰማችኋለሁ። ሕዝብ አንድ ነው፣ አፉም አንድ ነው። የሸምበቆ ሰዎች ይሂዱ ብላችኋል። አላላችሁም?»

«ብለናል!» አለ ሜዳው። አላልሁም የሚል ሰው ካለም ጎረቤቱን አይቶ ዝም አለ። በዚያው ሳምንት ወታደሮች የሸምበቆ ሰዎችን ከነልጆቻቸው ወደ ጨው በረሃ ነዷቸው።

ከዚያ ወዲህ ጉባኤ በረከተ። ንጉሡ ስለ ሁሉ ነገር ሕዝቡን ይጠይቅ ነበር፤ ጥያቄውም መልሱን ይዞ ይመጣ ነበር። ጎተራዎቹ በታማኞች እጅ ይሁኑ ወይስ በሌቦች? ልጆቻችሁን ትወዳላችሁ ወይስ ዳኞችን? ሰው እርሻውን ጥሎ ወደ ሜዳ ይወጣል፣ እጁን ያነሳል፣ ደክሞት ግን ደግሞ ኮርቶ ይመለሳል፤ ተጠይቋልና። ሰለምያ ግን ባዶውን መንበር ባየች ቁጥር ያንገበግባት ጀመር። በእሷ እጅ የነበረ አደራ ነው። በመጨረሻም በንጉሡ ፊት ተንበርክካ ማለች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ቀንዱን ካለበት ሳላመጣ የእናቴ አፈር አይቀበለኝ፤ የዘንጋት ውኃም ጥሜን አይቁረጥልኝ።»

አርማሴ ለረጅም ጊዜ ተመለከታት። ከዚያም በሕዝብ ፊት አቀፋት፣ ሁለት ጓዶችም ሰጣት። አንዱ ጎሽማ ነው፤ በቀደሙት ነገሥታት ዘመን የግንቡ ዘበኛ የነበረ፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ፣ ጆሮው ትንሽ የከበደ ሽማግሌ። ሁለተኛው የቤተ መንግሥቱ አዝማሪ ይርዳኖ ነው። ድምፁን የሰማ ሰው የያዘውን ሥራ ይጥል ነበር። የተላከውም የድሉን ዜማ እንዲደርስ ነው ተባለ።

ወደ ደጋው የወጡት በክረምት ጭጋግ ውስጥ ነው። በመንገድ ላይ የገደል ጥላዎች ከሚባሉት፣ ሰውን በስሙ እየጠሩ ወደ ገደል ከሚስቡት ጋር ታገሉ። ጎሽማ ጆሮው ከባድ ነበርና አልሳቡትም፤ ሁለቱን በገመድ ከወገቡ አስሮ እንደ ጥጃ እየጎተተ አሳለፋቸው። ይርዳኖ በዚያ ቀን ሳቀ። ሌላውን ጊዜ ግን ዝምተኛ ነበር። ሰለምያ ዜማውን ጀምረሃል ወይ ብትለው፣ አልቋል ብሏት ፊቱን አዞረ። ገና ያላዩትን ድል እንዴት እንደጨረሰው ገረማት።

ዳኞቹን ያገኙአቸው በጦር ምሽግ ሳይሆን በላም በረት ውስጥ ነው። ጥቂት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ዋናዋም እመት ጸዳሊት በአንድ ወቅት ከሐር በቀር የማትለብስ፣ አሁን ግን በበግ ለምድ የተጠቀለለች አሮጊት ነች። ሰለምያ ሰይፏን መዝዛ ቀንዱን አምጪ አለቻት። አሮጊቷ ፈትሹ ብላ ከበሩ ገለል አለች። ፈተሹ፤ ከገብስና ከኩበት በቀር ምንም አልነበረም።

«ልጄ፣ ብንሰርቀው ኖሮ ምን እናደርግበታለን? አገሩ ሁሉ እኛን እንደሚረግም እናውቃለን፤ ርግማኑን ለመስማት ቀንድ አያስፈልገንም» አለች እመት ጸዳሊት።

«ርግማኑ ይገባችኋል» አለች ሰለምያ።

«ይገባናል። ትክክል እንፈርድ ነበር፤ ግን ማንንም አንጠይቅም ነበር። ንጉሥሽ ሲያባርረን አንድ ሰው እንኳ ከደጁ ወጥቶ ተዉአቸው አላለም። ማን ይበል? አናውቃቸውም፣ አያውቁንም።» ከዚያም በበትሯ ወደ ምሥራቅ አመለከተች። ቀንዱ ጠፋ በተባለበት ሰሞን የንጉሡ የዘበኞች አለቃ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ፣ ከበረታቸው በታች አልፎ ወደ ጽሙም ዋሻ ሲወርድ እረኞቻቸው አይተውታል። ሲመለስ እጁ ባዶ ነበር።

ሰለምያ ውሸታም አለቻት። ነገር ግን እግሯ ወደ ምሥራቅ አመራ።

ጽሙም ዓይን የሌለው አውሬ ነው። ቤት ያህላል፤ ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ቆዳው ሁሉ ጆሮ ነው፤ እንደ እንጉዳይ ተደራርቦ የበቀለ፣ ያለማቋረጥ የሚንቀሳቀስ ጆሮ። የሚበላው ድምፅ ነው። በዋሻው ውስጥ ድንጋይ ቢወድቅ አይሰማም፣ ውኃው ሲንጠባጠብ አይሰማም። ከዋሻው አንድ ነገር ለማውጣት የፈለገ በምትኩ ድምፁን ለዘላለም መስጠት አለበት፤ ይህን በሰንበራ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ስለዚህም ደፍሮ የገባ የለም።

ጎሽማ ግን የጽሙም ሕግ በሰይፍ ይፈርስ እንደሆነ ልሞክር ብሎ ማንንም ሳይጠብቅ ገባ። አውሬውን በአንገቱ አንቆ ከግድግዳው ጋር አጣበቀው፤ በዚያ ቅጽበት ሰለምያ በእግሩ ሥር ሾልካ ቀንዱን ከነጨርቁ አነሳችው። ጨርቁ ላይ የንጉሡ ማኅተም ነበር። ስትመለስ ሽማግሌው በጽሙም ሥር ወድቆ፣ አፉ ተከፍቶ፣ የሚጮኽ ነገር ግን የማይሰማ ሆኖ አየችው። እጁን አወዛወዘላት፤ ሂጂ ማለቱ ነበር። ከዚያ በኋላ አልተንቀሳቀሰም።

ወደ ዋሻው አፍ ደረሰች፤ እግሯ ግን ከደፉ አላልፍ አለ። ከኋላዋ የሚስባት ነገር ነበር። ዋጋው ገና አልተከፈለም። እዚያው ቆማ ቀንዱን ወደ ከንፈሯ አስጠጋች፤ ድምፅዋን ከመስጠቷ በፊት የያዘውን ልስማ ብላ ነው። ቀንዱ በሹክሹክታ ተናገረ። መጀመሪያ የወጣው የአርማሴ ድምፅ ነበር፤ ቀንዱን በእጁ እንደያዘ ለዘበኞቹ አለቃ የሰጠው ትእዛዝ። ከሱ ቀጥሎ መንደሮቹ መጡ፣ ከኋላ ወደ ፊት፤ በስተመጨረሻም ግምባራ። ሰለምያ እስከ ፍጻሜው ሰማችው። ስትጨርስ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ይርዳኖ ምን እንደሰማች አልጠየቃትም።

«እኔም አንድ ነገር ልጨምርበት» አለና እጁን በቀንዱ ላይ አሳረፈ። «እኔ አዝማሪው ይርዳኖ ነኝ። ንጉሥ አርማሴ ሰለምያንና ጎሽማን ወደ ጽሙም ዋሻ መርቼ እንዳስቀራቸው፣ ብቻዬን ተመልሼ ዳኞች ገደሏቸው ብዬ እንዳለቅስ አዘዘኝ። የልቅሶው ዜማ ከአክራሞን ሳንወጣ ተሠርቶ አልቋል። ጦርነቱም በዚያ ዜማ ይጀመራል።» ከዚያ እጁን ከቀንዱ አንስቶ ወደ ሰለምያ ዞረ። «አንቺ መናገር ይቀርሽ እንደሆነ ማን ያምነናል? የኔ ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ለሌላ ሰው ነው የሠራው። ከእንግዲህ ማንም አያዘፍነኝም።»

ልትይዘው እጇን ዘረጋች፤ ቀድሟት ወደ ውስጥ ገባ። ከደፉ አንድ እርምጃ ገባ ብሎ ቆሞ አንድ ጊዜ ዘፈነ። ስንኙ ስለ ማንም አልነበረም፤ በልጅነቱ እናቱ እንስራ ተሸክማ ስትመጣ የምታንጎራጉረው ነው ብሎ ቀድሞ ነግሯት ነበር። ጆሮዎቹ ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ። ዜማው ከመካከሉ ተቆረጠ፤ የሰለምያም እግር ተፈታ። ይርዳኖ ሲወጣ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ የሚሰማ ግን አልነበረም።

አክራሞን የደረሱት አእላፍ ሜዳ በሰው በሞላበት ቀን ነው። ቀኑ እንዳይዘገይበት ንጉሡ የይርዳኖን ልቅሶ ሳይጠብቅ ጉባኤውን ጀምሮት ኖሯል። በመንበሩ አጠገብ ጥቁር ለብሶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለደጋው ጦርነት የሕዝቡን ፈቃድ ይጠይቅ ነበር።

«የሰለምያን ደም የሚረሳ ከመካከላችሁ አለ?»

«የለም!» አለ ሜዳው፤ ጦሮችም ተነሡ።

ሰለምያ ይርዳኖን አስከትላ በሕዝቡ መካከል አልፋ መጣች። መጀመሪያ ያያት አንድ ወታደር ጦሩን ጣለ። መንገዱ እየተከፈተላት ሄደ፤ ጩኸቱም ባለፈችበት ሁሉ እየሞተ መንበሩ ደረሰች። ቀንዱን ወደ ከንፈሯ አድርጋ ነፋችው።

የይርዳኖ ድምፅ በአገሩ ሁሉ ላይ ጮኸ። ሰውየው እዚያው በአጠገቧ አፉን ዘግቶ ቆሞ ነበርና ሕዝቡ አንዴ እሱን አንዴ ሰማዩን አየ። ከዚያ የአርማሴ ድምፅ ተከተለ፦ «ይህን ወስደህ ማንም ከማይሰማበት ጣልልኝ። ግማሹ ይሂዱ ብሏል፣ ግማሹ ይቆዩ ብሏል፤ እንዲህ ያለ ሕዝብ አይገዛም። ምን እንዳሉ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ሜዳው እንደ ጎርፍ ተነሣ። ጥቁር ልብሱን ከንጉሡ ላይ ቀደዱት፤ ዘበኞቹ ራሳቸው ጨበጡት። በዚያ ሁሉ መሐል የሰለምያ ስም ይጠራ ጀመር፤ ንግሥት ትሁን የሚሉም ነበሩ። አርማሴ በዘበኞቹ ክንድ ውስጥ ሆኖ ወደ እሷ ዘንበል አለ፤ ለእሷ ብቻ ነበር የሚናገረው።

«አሸንፈሻል። አሁን ቀንዱን ከአፍሽ አውርጂው። ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ አይደለም፣ የእነሱ ነው። እኔ አንድም ቃል አልፈጠርሁም፤ ከተናገሩት መረጥሁ እንጂ። ግማሹን ብቻ ካሰማሻቸው እስክትሞቺ ይወዱሻል። አባትሽም በሰላም ያረጃል።»

እውነቱን እንደተናገረ አወቀች። ንጉሡ ቀንዱን ብቻውን ነፍቶ ሰምቶታል፤ ግምባራንም ያውቃል። አባቷ በሕዝቡ መካከል፣ በመጀመሪያው ረድፍ፣ ልጁ ከሞት ተመልሳለትና እጁን ዘርግቶ እያለቀሰ ቆሞ ነበር። ወደ እሱ ሮጣ አንገቱን ማቀፍ አማራት። ትንፋሽዋ ወደ ማለቅ ደርሶ ነበር፤ ዝም ብላ ብታቆም ማንም ምንም አይላትም።

ዓይኗን ጨፍና ነፋች።

መንደሮቹ መናገር ጀመሩ። አንዲት እናት የሸምበቆ ሴቶች ልጇን እንዳዋለዱላት ተናግራ ይቆዩ አለች። አንድ ወጣት የሚጠጡት ውኃ የኛ ነው፣ ይሂዱ አለ። አንዱ ስለ አምላክ ብሎ ለመነ፤ አንዱ ደሴቶቹ ጥሩ ግጦሽ እንዳላቸው ተናገረ። ድምፅ ሁሉ ባለቤት ነበረውና ሰው ጎረቤቱን እያወቀ ዘወር ብሎ ያየው ጀመር። ይቆዩ ብለው የነበሩት፣ በኋላ ግን በሜዳው ላይ ብለናል ብለው የጮኹት አንገታቸውን ደፉ። ይሂዱ ያሉት ይበቃል፣ አቁሚ እያሉ ጮኹ፤ ድንጋይም ተወረወረ። ይርዳኖ በፊቷ ቆሞ በደረቱ ተቀበለው። በመጨረሻም በመላው ሰንበራ ላይ የበርሄል ድምፅ ተሰማ፤ እርጋታ የተሞላበት፣ ለብዙ ጊዜ ያሰበበትን የሚናገር ሰው ድምፅ።

«ክፉ ሰዎች አይደሉም። ግን ደሴቱ ደለል ላይ ያለው የአንዲት አሮጊታቸው ቤት ጥሩ ቤት ነው፤ ጎርፍ አይደርስበትም። ከሄዱ ለኔ ይሰጠኝ።»

ቀንዱ ባዶ ሆኖ ዝም አለ። ጦርነቱ በዚያ ቀን ሞተ፤ ማንም ዘምቶ ጀግና መሆን የሚችልበት ፊት አልነበረውም። አርማሴን አስረው ወሰዱት። ሰለምያን ግን በትከሻው የተሸከማት የለም፤ ንግሥት ትሁን ያሉት ሰዎች ሲያልፉ ፊታቸውን አዞሩ። አባቷ ሜዳው ባዶ እስኪሆን ቆይቶ ወደ እሷ መጣ።

«ድንኳኑ ውስጥ ብቻዬን ነበርሁ» አላት። «የሚሰማኝ ያለ አልመሰለኝም።»

ሰለምያ ባዶውን ቀንድ በመንበሩ ላይ አኖረችው።

ክረምቱ ሲያልቅ፣ ሰለምያና ይርዳኖ ጨው በረሃ ድረስ ሄደው የተረፉትን የሸምበቆ ሰዎች እየመሩ አመጡ። ከሄዱት ብዙዎቹ አልነበሩም። የግምባራ ሰዎች በዘንጋት መሻገሪያ ዳር ተሰልፈው ቆሙ፤ እልል ያለ የለም፣ ይቅርታ ያለም የለም። ከሚሻገሩት መካከል ጀርባዋ የጎበጠ፣ የተጠቀለለ ሰሌን የተሸከመች አሮጊት ነበረች። ከውኃው ስትወጣ የሰዎቹን ፊት አንድ በአንድ አየች።

«ደለሉ ላይ ያለው ቤቴ ውስጥ አሁን ማን ነው ያለው?» ስትል ጠየቀች።

ሰለምያ አባቷን አላየችውም፤ ወንዙን ነበር የምታየው።

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አለ በርሄል።

አሮጊቷ ተመለከተችው። ሰሌኗን ከጀርባዋ አውርዳ በክንዱ ላይ አኖረችው።

«እንግዲያው መንገዱን ታውቀዋለህ» አለችው። «ቅደም።»

በርሄልም ቀደመ።